ወሬዬ መሀል ላይ የተቋረጠ ዕለት

መርካቶ ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች በሁለት ነገር ያውቁኛል፤ በቅመሜና በወሬዬ። ቅመሜን የገዛ ወሬውን በምርቃት ይወስዳል። አንዳንዱማ ለወሬው ብሎ ይመጣና፣ ባዶ እጁን መመለስ ሲያሳፍረው ጥቂት ኮረሪማ ገዝቶ ይሄዳል። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ቅመም በምጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል አላፊ አግዳሚውን «ይቺ ማን ትባላለች?» እያልኩ አንድ በአንድ ለቃቀምኳቸው። ስለዚህ ጽሑፌ አንዳንድ ቦታ ላይ የተቀደደ ቢመስላችሁ አትፍረዱብኝ። እኔ የጋዜጣ መጨረሻ አንብቤ አላውቅም፤ መጨረሻውን ሁልጊዜ ደንበኛ ይዞት ይሄዳል።

የዛሬውን ግን መጨረሻውን አውቀዋለሁ፤ በእኔው ላይ ነው የደረሰው።

ነገሩ የሆነው ረመዳንና ፍልሰታ በአንድ ክረምት በተገናኙበት ጊዜ ነው። ከተማው ውስጥ ባቡር ሊገባ ነው፣ መንገዱ ሊቆፈር ነው እየተባለ የሚወራበት ዘመን ነበር። እኔ ያኔ ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል፤ አንድ ልጄ ሥራ ይዞ አዋሳ ነው። ከራጉኤል ብዙም በማይርቅ መደዳ ውስጥ፣ ቁመቴን የምታክል የቆርቆሮ ሱቅ ይዤ ቅመም እሸጣለሁ። ከእኔ ቀጥላ ያለችው ሸምሲያ ናት። በመካከላችን አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው ያለው። ሸምሲያ ከስልጤ በልጅነቷ መጥታ መርካቶ ያደገች፣ ድምፅዋ መደዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚሰማ፣ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ የሚያቃጥል ሴት ናት። የምትሸጠውም እኔ የምሸጠውን ነው። ደንበኛ እንነጣጠቃለን፤ ደንበኛው ሲሄድ ደግሞ አብረን እናማዋለን።

ታዲያ እጄ ታመመ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኝ ጀመር። ቀጥሎ አንጓዎቼ አበጡ፤ ጉልበቴና የእግሬ ጣቶች ተከተሉ። ብርድ ነው ተባልኩ፤ ምች ነው ተባልኩ። ወጌሻው አሸኝ፣ ባሰብኝ። በኋላ ሐኪም ዘንድ ስሄድ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ነው አለኝ፤ ያ የብርዱ ሳይሆን ሌላው። «ሰውነትሽ ጠላት የሚጠብቅበት ወታደር አለው፤ ያ ወታደር ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያሽን ነው የሚወጋው» ብሎ አስረዳኝ። ክኒኑን ለዓመታት ዋጥኩ። ሕመሙ ጥቂት ያርፍና ይመለሳል።

ቅመም ነጋዴ ያለ እጅ ምንም አይደለም። ሰፍረን ላስቲክ ውስጥ እናደርጋለን፣ አየሩን እናስወጣለን፣ ጫፉን ጠምዘዝ አድርገን እንቋጥራለን። ክብራችን ቋጠሮው ላይ ነው። ቋጠሮው ከላላ ሽታው ይወጣል፤ ሽታው የወጣ ቅመም ደግሞ ከትቢያ አይሻልም። አንድ ቀን ደንበኛ ፊት ለፊቴ ቆማ እያየችኝ ቋጠሮው አልሆን አለኝ። ጣቶቼ ላስቲኩን ይይዙታል፤ መጠምዘዝ ግን እምቢ። ላብ ወረደኝ። ይሄኔ ሸምሲያ በቆርቆሮው ዳር እጇን ዘርግታ ነጠቀችኝ።

«አምጪው ወዲህ! አንቺ አስረሽ እስክትጨርሺ ሴትዮዋ ትሸብታለች።»

ደንበኛዋ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሸምሲያ የእኔን ላስቲክ ሁሉ አሰረች። እኔ እሰፍራለሁ፣ በቆርቆሮው ዳር አሳልፋለሁ፣ እሷ ቋጥራ ትመልሳለች። ለተፎካካሪዋ! አንድም ቀን «ምን ሆነሽ ነው?» ብላ አልጠየቀችኝም። እየተሳደበች ብቻ ታስርልኛለች።

በመጨረሻ ሐኪሙ በደም ሥር የሚንጠባጠብ መድኃኒት አለ አለኝ። ከውጭ አገር በበረዶ ታሽጎ የሚመጣ ነው። እንዴት እንደተገዛ አልተርክላችሁም፤ የብዙ ሰው እጅ አለበት፣ እነሱም ስማቸው እንዲነሳ አይወዱም። መጣና የሆስፒታሉ ፍሪጅ ውስጥ ተቀመጠ። ችግሩ፣ የአገልግሎት ጊዜው የሚያልቀው በመጪው ጳጉሜን ነበር። መድኃኒቱን የሚሰጡበት ክፍል ደግሞ ጠባብ፣ ተረኛው ብዙ ነው። «የተያዘልሽ ቀን ካመለጠ ሌላ ተራ የምታገኚው ከአዲስ ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ መድኃኒቱ ይበላሻል» አሉኝ። ሌላ የምገዛበት አቅምም ተስፋም አልነበረኝም። ወይ በዚያ ቀን ይገባልኛል፣ ወይ እጄን እሰናበተዋለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። በእኛ ሰፈር አንድ ሰው «ጉሉኮስ ተደረገለት» ከተባለ ዕድሩ ድንኳኑን አውጥቶ ቀዳዳውን ይፈትሻል። የሚንጠባጠብ ነገር ሁሉ ለእኛ ጉሉኮስ ነው፤ ጉሉኮስ ደግሞ የመጨረሻው ነው። እናቴም እንደዚያው ተሰቅሎላት ነው ያለፈችው። ስለዚህ ለልጄም ለማንም ሳልናገር ብቻዬን ሄጄ፣ ከዳንኩ ድኜ ልመለስ አልኩ። ነገር ግን ዋዜማውን ሱቅ ስዘጋ ሸምሲያ በቆርቆሮው ዳር አንገቷን አወጣች።

«ነገ አልከፍትም አልሽ አሉ። የት ልትሄጂ ነው?»

«ሐኪም ቤት። ትንሽ መድኃኒት ሊሰጡኝ ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«ብቻሽን! ሬሳሽን ማን ሊያመጣው ነው?»

«አፍሽን ያዥ አንቺ! ደግሞስ አንቺ ጾመኛ ነሽ፤ ቀኑን ሙሉ ነው የሚፈጀው አሉ።»

«የጾመው አፌ ነው፤ እግሬ አልጾመም» አለችና አንገቷን መለሰች።

በማግስቱ ዝናቡ ሌሊቱን ሲያወርደው ስላደረ መደዳችን ጭቃ ብቻ ሆኗል። ከአትክልት ተራ የሚመለሱ ጋሪዎችና ሸክም ያጎበጣቸው ሰዎች መንገዱን ዘግተውታል፤ ታክሲ ወደ ውስጥ የሚገባበት መላ የለም። የእኔ እግር ደግሞ የዚያን ዕለት ጫማ ውስጥ አልገባ ብሎ፣ በነጠላ ጫማ ግድግዳ ይዤ ነው የቆምኩት። ሸምሲያ ወዲያና ወዲህ አየች። ጎመን አራግፎ ባዶ ጋሪ የሚገፋ ጠና ያለ ሰውዬ ጠራች።

«እባክህ ይቺን ሴት እስከ አስፋልቱ አድርስልኝ።»

ሰውዬው አየኝ፤ ጋሪውንም አየ። «እኔ ሰው ጭኜ አላውቅም እኮ።»

«ጎመን ነው ብለህ ጫናት! ከጎመን በምን ትለያለች? እሷም ጠውልጋለች።»

ላስቲክ አነጠፈልኝና ጫነኝ። መደዳው ሁሉ እያየኝ፣ አንዱ «እትዬ ዘነበች፣ ችርቻሮ ነሽ ጅምላ?» እያለ፣ በሳቅ ታጅቤ ወጣሁ። ሸምሲያ ከጎኔ ጃንጥላ ይዛልኝ፣ የእሷ ጀርባ እየበሰበሰ፣ «ዞር በሉ! የተሰበረ ዕቃ ነው የጫንነው!» እያለች መንገድ ታስከፍታለች። አስፋልቱ ላይ ላዳ ያዝን። ሰውዬው እንኳን የድካሙን አልቀበልም ብሎ «ሲሻልሽ በእግርሽ መጥተሽ አሳዪኝ» አለኝ። እኔ መርካቶን የምወደው ለዚህ ነው።

ሆስፒታሉ ውስጥ ክፍሉ ንጹሕና ጠባብ ነው። ጥቂት ትልልቅ ወንበሮች አሉ፤ ከየወንበሩ ራስ ላይ ብረት ቆሟል። ከአጠገቤ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ሹፌርነት የጨረሱ ሽማግሌ እንደኔው ሊታከሙ ተቀምጠዋል። ነርሷ ሲስተር ሂሩት ትባላለች፤ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ወጣት ናት። ክንዴን አሰረች፣ መታ መታ አደረገች፣ ፈለገች። ወጋች፣ አልተገኘም። በሌላኛው እጄ ሞከረች፣ እሱም ሸሸ። ያበጠው እጄ አንድ ችግር ነው፤ ግን ሌላም ነገር እንዳለ ገባት።

«እትዬ ዘነበች፣ ዛሬ ምን ቀመሱ?»

«ምንም።»

«ውሃስ?»

«ኧረ ከትናንት ወዲህ ጠብታ አልገባም።» ኩራትም ሳይኖርበት አይቀርም አነጋገሬ።

«ለምን?»

እንግዲህ ምን ልበላት? ለእኔ ግልጽ ነበር። ጸበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው። ደም እንኳ ሲመረመር በባዶ ሆድ ነው የሚሉት። ይህን የሚያህል፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ መድኃኒት ጠግቤ ልቀበለው? ያውም በፍልሰታ? ነገርኳት። ሲስተር ሂሩት አልሳቀችብኝም፤ ያንን አልረሳላትም።

«መጾምዎ ጥሩ ነው። ግን ሰውነትዎ ውሃ ሲያጣ ደም ሥሩ ይሟሽሻል። እኔ አሁን የምፈልገው በበጋ የደረቀ ወንዝ ውስጥ ውሃ ነው። በቅድሚያ የሚሰጠውም ክኒን ምግብ ይፈልጋል። መድኃኒቱ አንዴ ከተበጠበጠ ስለማይቆይ፣ ደም ሥሩን ሳላገኝ አልከፍተውም። መሰጫውም ረጅም ሰዓት ነው። በጊዜ ካልጀመርን ዛሬ አይሆንም።»

ዛሬ ካልሆነ ምን እንደሚሆን እናንተም ታውቃላችሁ።

«እንግዲያው ልብላ?» አልኩ ወደ ሸምሲያ ዞሬ፤ አፌ ልብላ ቢልም ልቤ አልበላም አለ። ፍልሰታን ከልጅነቴ ጀምሮ ገድፌ አላውቅም።

«የንስሐ አባትሽ ምን አሉሽ?»

«አልጠየቅኳቸውም።»

«ያ ረቢ! የእኔ ኢማም ለታመመ ጾም የለም ይላል። የአንቺ ቄስ ከእኔ ኢማም የባሱ ጨካኝ ናቸው? ስልክሽን አምጪ!»

ደወለች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ደግፋ ያዘችልኝ። አባ ነገሩን ሰምተው ሳይጨርሱ «ዘነበች፣ አንቺ ሴት፣ እስከዛሬ አለመጠየቅሽ ነው ጥፋቱ! ብዪ! ጠጪ! እመቤታችን በሽተኛ ልጇን በረሀብ አትፈትንም» አሉና ዘጉ።

ሸምሲያ ዝናቡ ውስጥ ወጣች። ስትመለስ በሻሿ ሸፍና የጾም ፍርፍር፣ ትኩስ ሻይና ውሃ ይዛ መጣች። ሲስተር ሂሩት ደም ሥሩ እንዲወጣ ብላ ሁለቱንም እጆቼን በሞቀ ፎጣ ጠቅልላቸው ነበርና መብላት የምችልበት እጅ አልነበረኝም። እዚያ ላይ ነው እንግዲህ ሸምሲያን ያየኋት። ሌሊት ሰሑር ከበላች ወዲህ ውሃ ያልቀመሰች ሴት፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ፍርፍሩን እፍ እያለች ታጎርሰኛለች። አንዱን ሳልውጥ ሌላው ደርሷል።

«ሽታው አያስቸግርሽም?» አልኳት አፌ ሞልቶ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ኮረሪማና ቁንዶ በርበሬ መሀል ተቀምጬ የጾምኩ ሴት በሆስፒታል ፍርፍር ልፈተን? ዝም ብለሽ ዋጪ።»

ጋሽ ታደሰ ከወንበራቸው «ይቺ ሴት ምንሽ ናት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ተፎካካሪዬ ናት» አልኳቸው።

«እኔም እንዲህ ያለ ተፎካካሪ በሰጠኝ» አሉ።

ጥቂት ቆይታ ሲስተር ሂሩት ፎጣውን ገለጠች። ከክርኔ ዝቅ ብሎ በጣቷ ዳበሰችና ትንፋሿን ያዘች። እኔም ያዝኩ፤ ሸምሲያም የያዘች ይመስለኛል። ገባ። ደሙ ቧንቧው ውስጥ ብቅ ሲል ሸምሲያ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ክፍሉን አደበላለቀችው። ክኒኑን ዋጥኩ፣ መድኃኒቱ ተበጠበጠ፣ ተሰቀለ፤ መንጠባጠብ ጀመረ። ጠብ ... ጠብ ... በጣም በዝግታ።

ጋሽ ታደሰ ቀና ብለው አዩት። «ሲስተር፣ የእሷን በአንደኛ ማርሽ ነው እንዴ የምትነጂው?»

«ለመጀመሪያ ጊዜዋ ስለሆነ ዳገቱን ቀስ ብለን ነው የምንወጣው» አለች ሲስተር፣ ወደ እኔም ዞራ። «እትዬ ዘነበች፣ ማሳከክ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ጉሮሮ መያዝ፣ ትንሽም ነገር ቢሰማዎት ይንገሩኝ። ይንገሩኝ እሺ? እንዳይችሉት።»

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ፍርሃቴን ለመርሳት ወሬ ጀመርኩ። ምን ላውራ? የበጉን ወሬ አነሳሁ። በአንድ የበዓል ዋዜማ ጭድ ተራ አካባቢ አንድ ሙክት ገመዱን በጠሰ። ባለቤቱ ይሮጣል፣ ገዢው ይሮጣል፣ ከፍዬበታለሁ አልከፈልክበትም እየተባባሉ እየሮጡም ይጣላሉ። በጉ መደዳ መደዳውን ሲያተራምስ ቆይቶ ሄዶ ሄዶ መስታወት ቤት ገባ! ቁመት ሙሉ መስታወት ግድግዳው ላይ በተደረደረበት ሱቅ። ባለ ሱቁ ራሱን ይዞ ጮኸ። በጉ ቆመ። ከፊቱ አንድ ትልቅ ሙክት ቆሞ ያየዋል። ቀንዱን ዝቅ አደረገ፤ ያኛውም ዝቅ አደረገ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ያኛውም ወደ ኋላ አለ።

ክፍሉ ሁሉ ጸጥ ብሎ ይሰማኛል። ጋሽ ታደሰ ወደ ፊት አዘንብለዋል። ሸምሲያ ይህን ወሬ ብዙ ጊዜ ስለሰማችው ከእግሬ ሥር ካለችው ዱካ ላይ ሆና፣ ጭንቅላቷን ግድግዳ አስደግፋ አንቀላፍታለች። ጾሙና ዝናቡ አድክመዋት ነበር።

እዚህ ላይ ጉሮሮዬን በላኝ። ትንሽ ነው አልኩ። ቀጥሎ መዳፌን በላኝ። ከዚያ ከአጥንቴ ውስጥ የሚመጣ ብርድ ያዘኝ፤ ጥርሴን ነከስኩ። ለምን አልተናገርኩም ትሉኛላችሁ? ብናገር ይነቅሉታል ብዬ ነዋ! ያን ያህል ተለምኖ የተገኘ ደም ሥር፣ ያ ሁሉ ሰው የደከመበት መድኃኒት፤ ይነቀልና ይደፋል፣ እጄም አብሮት። ደግሞ ያደግነው «ቻይው» እየተባልን ነው። ምጥ ቻልን፣ ሐዘን ቻልን፤ ማሳከክ ያቅተናል? አይኔን ጨፍኜ ቻልኩት። ደረቴ እየጠበበ መጣ፤ ቻልኩት። ሲስተር ሂሩት ጀርባዋን ሰጥታ ሌላ በሽተኛ ታያለች። ጋሽ ታደሰ ወሬውን ለማጣፈጥ ብዬ ያቆምኩ መስሏቸው ፈገግ ብለው ይጠብቁኛል።

ሸምሲያ ከእንቅልፏ ብድግ አለች።

በኋላ ስትነግረኝ፣ የቀሰቀሳት ጸጥታው ነው። ለዓመታት ከቆርቆሮ ማዶ ድምፄን ስትሰማ ኖራለች፤ እንቅልፏ እንኳን የእኔን ወሬ ለምዷል። ወሬው በጉ መስታወት ፊት ቆሞ ሳለ ዝም አለ። እኔ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ዝም ብዬ አላውቅም።

ፊቴን አንድ ጊዜ አየችና ድምፅዋን ለቀቀችው። «ሲስተር! ድረሽልኝ! ይቺ ሴት ዝም ብላለች!»

ሲስተር ሂሩት ዞር አለች። ተንደርድራ መጥታ መድኃኒቱን ዘጋችው። ወንበሬን ወደ ኋላ አስተኛች፤ ሌላ መርፌ በዚያው ቧንቧ ሰጠችኝ፤ ኦክስጅን አፍንጫዬ ላይ አደረገች። ሐኪሙ በሩጫ ገባ። ድምፆች እንደ ሩቅ ገበያ ይሰሙኛል። ከሁሉም መሀል የሸምሲያ ድምፅ፣ «ዘኔ! ዘኔ! ወላሂ ሞተሽ ብታሳፍሪኝ እገድልሻለሁ!»

ቀስ እያለ ብርዱ ለቀቀኝ። ደረቴ ተከፈተ። የመጀመሪያ ቃሌ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? «እንዳትነቅሉብኝ» ነው።

ሐኪሙና ሲስተር ተያዩ። ጠብቀን እናያለን አሉ። ካልተረጋጋ ዛሬ አይቀጥልም፤ ከተረጋጋ ደግሞ ከበፊቱ በባሰ ዝግታ እንሞክረዋለን። ያ መጠበቅ በሕይወቴ ረጅሙ ነበር። ከረጢቱ ግማሹም አልጎደለም፤ ከራሴ በላይ ተሰቅሎ ቁልቁል ያየኛል። ሸምሲያ ጥግ ላይ ሻሿን አንጥፋ ሰገደች። ግንባሯ መሬት ላይ ቆየ፤ እኔም እመቤቴን ጠራኋት። ሁለታችንም ያንን አንድ ከረጢት ነበር የምንለምነው።

ሲስተር ሂሩት የደም ግፊቴን ደጋግማ ለካች። ከዚያ ወንበሬ አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች፣

«እትዬ ዘነበች፣ በጉ ምን ሆነ?» አለችኝ።

መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። ኋላ ሲገባኝ፣ አንደበቴንና ትንፋሼን እየመረመረችው ነው። ቃላቱ ሳይቆራረጡ ይወጡ እንደሆነ ልትሰማ።

«በጉማ» አልኩ ድምፄ እየሰለለ፣ «ሁላችንም ይኸው ሊነርተው ነው ብለን ጆሯችንን ያዝን። ባለ ሱቁ ዓይኑን ጨፈነ። በጉ ተጠጋ፣ ተጠጋ ... አፍንጫውን መስታወቱ ላይ አሳረፈና ... ላሰው።»

«ላሰው?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ከላይ እስከ ታች ላሰው። ከዚያም እዚያው ፊቱ ተኛ።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ሲስተር ሂሩት እየሳቀች ተነሳችና መድኃኒቱን ከፈተችው። ጠብ። ቆየት ብሎ፣ ጠብ።

«አሁን ወሬ እንዳታቆሚ» አለችኝ ሸምሲያ ክንዴን ቀስ ብላ ይዛ። «የፈለግሽውን ውሸት አውሪ፤ ብቻ እንዳታቆሚ።»

አላቆምኩም። ጋሽ ታደሰ ጨርሰው ሲሄዱ አላቆምኩም። ሌሎቹ ወንበሮች ባዶ ሲሆኑ፣ ሲስተር ሂሩት ተረኛዋ መጥታ እንኳን «እኔ የጀመርኳትን እኔ እጨርሳታለሁ» ብላ ስትቀር፣ ሸምሲያና እሷ ብቻ እየሰሙኝ አወራሁ። ከረጢቱ ባዶውን ተጨማድዶ ሲንጠለጠል ቀኑ መምሸት ጀምሮ ነበር።

ከሆስፒታሉ በር ስንወጣ ዝናቡ አባርቷል። ታክሲ ስንጠብቅ ከሩቅ አዛን ተሰማ። ሸምሲያ ከጉያዋ በላስቲክ የተቋጠረ ተምር አወጣች። ፈታችውና ከመብላቷ በፊት ቆም ስትል፣ አንዱን ፍሬ እነዚያ በማይታጠፉት ጣቶቼ ከላስቲኩ ለማንሳት ሞከርኩ። ወደቀብኝ። ሌላ አነሳሁ። በሁለት መዳፌ መሀል፣ እንደ ሕፃን ይዤ ወደ አፏ አቀረብኩላት።

«ከምን የመጣ ደግነት ነው?» አለች።

«ቀኑን ሙሉ ስታጎርሺኝ ውለሻል፤ አንዷን እንኳ ልመልስ።»

«ቢስሚላህ» ብላ ጎረሰች። ከዚያ ዓይኗን ወደ መንገዱ አዞረች።

ወገኖቼ፣ ይህን ያነበባችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ወደዚያች ክፍል ብዙ ጊዜ ተመልሻለሁ። ጉሉኮስ የመጨረሻ አይደለም፤ የብዙ ነገር መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ተርቤ አልሄድም፤ ሐኪሜ ብዪ ያለኝን በልቼ፣ ጠጪ ያለኝን ጠጥቼ ነው የምሄደው። የጾሙንም ነገር ቀድሜ አባን አማክራለሁ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ተለወጠብኝ። መቻልን እንደ ጀግንነት ነበር የምቆጥረው። አሁን የሚሰማኝን እናገራለሁ፤ ቢያሳክከኝም፣ ቢበርደኝም፣ ብፈራም። የሐኪም እጅ የሚደርሰው አፋችን እስከጠራው ድረስ ነው። ወደ ሕክምና ስትሄዱ ደግሞ፣ ብትችሉ፣ ዝምታችሁን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ንግግራችንን የሚሰማ ሞልቷል። ዝም ስንል ከእንቅልፉ የሚነቃ ግን ጥቂት ነው።

እጄ በአንድ ጊዜ አልዳነም። ሳምንታት ወሰደ፤ ግራው ዛሬም በብርድ ጊዜ ያጉረመርማል። ያን የጋሪ ሰውዬ በእግሬ ሄጄ አሳየሁት። ሸምሲያ ግን እንደ ልማዷ ቋጠሮዬን በቆርቆሮው ዳር እየተቀበለች ማሰሯን ቀጠለች፤ እኔም ሳልናገር ማታ ማታ ቤቴ እለማመዳለሁ።

የመስቀል በዓል ካለፈ በኋላ ነው፣ አንድ ጠዋት ጥቁር አዝሙድ ሰፈርኩ። አየሩን አስወጣሁ፣ ጠመዘዝኩ፣ ቋጠርኩ። በቆርቆሮው ዳር አሳለፍኩላት።

«ይሄ የማን ነው?»

«የአንቺ ነው። ስጦታ።»

ሽታውን ልታይ መፍታት ጀመረች። ታገለችው። በጥፍሯ ሞከረች፣ በጥርሷ ሞከረች፣ አልሆነም።

«ማነው ደግሞ እንዲህ አድርጎ ያሰረው? ይሄ ሰው ጤነኛ ነው? በቢላ ካልሆነ አይፈታም እኮ!»

ከቆርቆሮው ወዲህ ሆኜ ዝም አልኩ።

ከዚያ አንገቷ ብቅ አለ፤ ላስቲኩን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣

«ዘኔ፣» አለችኝ፣ «ካሁን በኋላ የራስሽን ራስሽ እሰሪ። እኔ ስለአንቺ ላስቲክ ሳስብ ደንበኛ እያመለጠኝ ነው።»